ተጠርቶ የቀረ ሰው

«በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላሉ አበው። ይህን ተረት ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ያገራችን ሰው ምን ያህል ፍርድ ወዳድ እንደሆነ ለማሳየት ነው። እኔ ግን ዛሬ ማንሳት የምፈልገው ተረቱ ዝም ብሎ ያለፈውን ነገር ነው። ባለቤቷ በሌለበት፣ ቃሉ ሳይሰማ፣ ዳኛ ፈርዶ ማኅተም አድርጎ ያስነዳት በቅሎ ከየትኛው ወገን ትቆጠራለች? በፍርድ ሄደች እንበል ወይስ ያለ ፍርድ? ማኅተም አለ፣ ፊርማ አለ፣ የመዝገብ ቁጥር አለ። ባለቤቱ ግን የሰማው በቅሎዋ ከበረት ከወጣች በኋላ ነው። ታዲያ ይህ ሰው ዳኛው ዘንድ ተመልሶ «ፍርዱ ይነሳልኝና ልሰማ» ቢል፣ ምን ብለን እንመልስለት?

ጥያቄው የሕግ ፋኩልቲ ልጆች ብቻ ጥያቄ መስሎ ሊታይ ይችላል። አይደለም። ሰው ባልነበረበት ቦታ ስለ እሱ መወሰን ቤተሰብም፣ ዕድርም፣ ጓደኛም፣ መሥሪያ ቤትም በየቀኑ የሚያደርገው ነገር ነው። ፍርድ ቤት የሚለየው ያደረገውን በወረቀት ስለሚያስቀምጥ፣ እኛም ወረቀቱን ይዘን ልንከራከርበት ስለምንችል ነው።

ነገሩን ከአየር ላይ አውርደን መሬት እናስይዘው። እንበልና አንድ ጫኝና አውራጅ አለ። መርካቶ ሲሚንቶ ያወርዳል። አንድ ጠዋት አይሱዙ ወደ ኋላ ስትመጣ ከግንቡ ጋር አጣብቃ እግሩን ትሰብረዋለች። ሐኪም ቤት ገባ፤ ጀሶ ታሰረለት፤ ጀሶው ሲፈታ እግሩ እንደ ድሮው አልሆነም። ኩንታል የሚሸከም ሰው እግሩን ሲያጣ ያጣው ምንድን ነው? እኔና አንተ እግራችን ቢሰበር ዶርም ተኝተን እናነባለን፤ ቢበዛ አንድ ሴሚስተር እናቋርጣለን። ለእሱ ግን እግሩ ማሳው ነው፣ በሬው ነው፣ ደመወዙ ነው።

ሾፌሩ ሲፈተሽ ምንም የለውም። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የአንዲት ሴት ነው። ደብረ ብርሃን ትኖራለች። ባሏ ሲሞት የቀረቻት ንብረት መኪናይቱ ናት፤ ለሾፌር ሰጥታ በየወሩ ሒሳብ ትቀበላለች። ሰውየው ክስ መሠረተ፤ መጥሪያ ወጣ። ሊብሬው ላይ የሚገኘው አድራሻ ግን ባልና ሚስቱ ድሮ አዲስ አበባ ተከራይተው የኖሩበት ቤት ነው። መጥሪያው እዚያ ደረሰ። በሩን የከፈተው ሰው «እዚህ የለችም» አለ ወይም «አልቀበልም» አለ፤ ወይም ተቀብሎ ጠረጴዛ ላይ ጣለው። ቃለ መሐላ ቀረበ፤ መዝገቡ ላይ «መጥሪያ ደርሷል» ተብሎ ተጻፈ። በቀጠሮው ቀን ስሟ ከችሎቱ በር ላይ ተጠራ። አቤት የሚል ጠፋ። «ጉዳዩ ተከሳሽ በሌለችበት ይታይ» ተባለ፤ ምስክር ተሰማ፤ የሐኪም ማስረጃ ታየ፤ ተፈረደ። ከወራት በኋላ አይሱዙዋ በአፈጻጸም ተይዛ ቆመች። ሴትዮዋ ክስ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማችው ያን ዕለት ነው። አቤቱታ አጽፋ መጣች። ሰውየውም በክራንች ተደግፎ መጣ። ሁለቱ ዓይን ለዓይን የተያዩት በዚያ ቀን ነው።

ከሁለቱ አንዱን ተንኮለኛ ባደርገው ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ገጽ ያልቅ ነበር። ሴትዮዋን ሆነ ብላ የተደበቀች፣ ወይም ሰውየውን የውሸት አድራሻ የሰጠ ማድረግ እችላለሁ። እንዲያ ያለ ሰው በሽ ነው። የሚከብደው ግን ሁለቱም እውነት ይዘው የቆሙበት ነው። እሱ «ተጎዳሁ፣ ከሰስኩ፣ አስረዳሁ፣ ተፈረደልኝ» ይላል፤ እውነቱን ነው። እሷ «ማንም አልጠራኝም፣ ማንም አልጠየቀኝም» ትላለች፤ እውነቷን ነው።

ድሮ እንዲህ ያለ ጣጣ ብዙም አይታወቅም ነበር። ለምን ቢሉ ተከሳሽ የሚቀርበት ቀዳዳ ጠባብ ነበር። ባለ ጉዳይ ባለጋራውን መንገድ ላይ ሲያገኘው «በሕግ አምላክ!» ይለዋል፤ የተባለው ሰው ይቆማል። የነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ዳኛ ወዳለበት ይሄዳሉ። ዳኛ ከራቀ ከመንገደኛው መካከል አንዱን ጨዋ ሰው ዛፍ ሥር ያስቀምጡታል። ከዚያ ዋስ ይጠራል፤ ዋስ ያጣ ከከሳሹ ጋር በሰንሰለት ይቆራኛል። አገራችንን ያዩ የውጭ ሰዎች አበዳሪና ተበዳሪ እጅ ለእጅ ታስረው አብረው ሲሄዱ፣ አብረው ሲበሉ፣ አብረው ሲተኙ አይተው ተገርመው ጽፈዋል። ዛሬም «በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» ስንል ያንኑ ሰንሰለት ነው የምንጠራው፤ ብረቱ ቀረና ዓይኑ ብቻ ተረፈ።

ይህን ስል ቁራኛ ይመለስ ማለቴ አይደለም፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ድሃ ባለዕዳ ወራት ሙሉ ካበዳሪው ጋር ታስሮ የሚውልበት ሥርዓት ምኑ ይናፈቃል! አንድ ነገር ግን ነበረው። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ቋጠሮ አብረው ይገባሉ። በበላ ልበልሃ ሙግት ጊዜ አንዱ ሲያሽሟጥጥ ሌላው አጠገቡ ቆሞ ይሰማል፤ ተራው ሲደርስ ይመልሳል። ፍርዱ ሊጣመም ይችላል፤ ዳኛው ጉቦ ሊበላ ይችላል፤ ነገር ግን «አልሰማሁም ነበር» የሚል ተሸናፊ አይገኝም።

ዛሬ በነጠላው ቋጠሮ ፋንታ ወረቀት ገባ። ወረቀት ይጠፋል፤ በሌላ እጅ ይወድቃል፤ ያልደረሰውንም ደርሷል ይላል። በዚያ ላይ እኛ አገር ብዙ ጊዜ መጥሪያውን ይዞ የሚሄደው ራሱ ከሳሹ ነው። እስቲ አስቡት፤ ባላንጣዬ እንዲቀርና እኔ ብቻዬን እንድሰማ ሊጠቅመኝ የሚችለውን ወረቀት ለባላንጣዬ የማደርሰው እኔው ነኝ። ሐቀኛ ከሳሽ ያደርሳል። ግን ሥርዓት የሚሠራው ለሐቀኛው ብቻ አይደለም። ተከሳሹ ከጠፋ ደግሞ መጥሪያው በጋዜጣ ይወጣል፤ አዲስ ዘመን ላይ በደቃቅ ፊደል የተደረደሩትን የፍርድ ቤት ጥሪዎች ያላየ የለም። እነዚያን አምዶች እስኪ ማን ያነባቸዋል? ስሙ የተጻፈበት ሰው ማንበብ ባይችልስ? ሕጉ «ተጠርቷል» ብሎ ይቆጥረዋል። መቁጠር ግን መጥራት አይደለም። ፍርድ ቤት እንዲህ ባያደርግ የተደበቀ ሁሉ አይከሰስም ነበርና መቁጠሩን እቀበላለሁ። ነገር ግን የተቆጠረ ነገር እውነቱ ሲመጣ ቦታውን መልቀቅ አለበት።

እዚህ ላይ ቋንቋችን አንድ ነገር ያሳየናል። ሰው ሲጠራ «አቤት» ይላል። ተበደልኩ የሚል ሰውም ባለሥልጣን ፊት ቆሞ «አቤት! አቤት!» ይላል፤ የሚጽፈውም ወረቀት አቤቱታ ይባላል። አንዱ ቃል ለጥሪ መልስ ነው፤ ሌላው ራሱ ጥሪ ነው። ያቺ ሴት በቀጠሮው ቀን አቤት አላለችም፤ ዛሬ አቤቱታ ይዛ መጥታለች። «ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት» ብለን የምናፌዝበት ሰው አለ፤ እሷ የእሱ ተቃራኒ ናት፤ ተጠራች ተባለና አቤት ሳትል የቀረች። ለመሆኑ ጥሪው ጆሮዋ ደርሷል ወይ? ሁሉም ነገር በዚህች ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል።

ይህን ነገር ሳስብ ወደ አንድ የድሮ የዩኒቨርሲቲ ወሬ እሄዳለሁ፤ ለእኛም ቢሆን ሩቅ ወሬ አይደለም። እንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1718 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ቤንትሊ የተባለውን ሊቅ ሳይጠራውና ሳይሰማው ዲግሪዎቹን ገፈፈው። ቤንትሊ ተወዳጅ ሰው አልነበረም፤ ከሁሉም ጋር የሚጋጭ ኃይለኛ ሰው ነበር ይባላል። ጉዳዩ በ1723 እ.ኤ.አ. ከንጉሡ ፍርድ ቤት ሲደርስ ከዳኞቹ አንዱ እስከ ኤደን ገነት ድረስ ወደ ኋላ ሄደ። እግዚአብሔር እንኳ አዳምን ሳይጠራውና መልሱን ሳይሰማ አልፈረደበትም አለ። ፍርድ ቤቱም ዩኒቨርሲቲው ዲግሪዎቹን እንዲመልስ አዘዘ።

በዚህ ነገር ላይ እኔን የሚያስደንቀኝ ጥሪው መኖሩ ብቻ አይደለም፤ የጠራው ማን መሆኑ ነው። አዳም የት እንደተደበቀ፣ ምን እንደበላ፣ ማን እንዳቀበለው ሁሉንም የሚያውቅ ጠየቀ። ሊያውቅ ብሎ አይደለም ማለት ነው። የምንጠይቀው ለማወቅ ብቻ ከሆነ፣ የሚያውቅ ዳኛ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። የሚጠየቀው ሰው ስለ ራሱ የሚናገር ፍጡር ስለሆነ ነው የሚጠየቀው። አዳም የሰጠው መልስ እኮ መልስ አልነበረም፤ በሚስቱ አሳበበ። ቢሆንም ተሰማ።

ይህን አስተያየት አንድ ምሽት በዶርም ሳነሳ አንዱ የሕግ ተማሪ ጓደኛችን ሳቀብኝ። «አንተ ገነት ገባህ፣ ሕጉ ግን ካዛንቺስ ነው ያለው» አለኝ። እውነት አለው። ስለዚህ ወደ ሕጉ እንግባ።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ለዚህ ነገር የመደበው ቁጥር 78 ነው። በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ለዚያው ለፈረደው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ከሁለት አንዱን ማስረዳት አለበት፤ ወይ መጥሪያው በሚገባ አልደረሰኝም፣ ወይ እንዳልቀርብ በቂ የሆነ እክል ገጥሞኛል። ዳኛው ካመነ ፍርዱን አንስቶ ጉዳዩን እንደገና ለመስማት ቀን ይቆርጣል። ሲያነሳም ስለ ኪሳራ፣ ገንዘብ በፍርድ ቤት ስለማስያዝ ወይም ስለ ሌላ ነገር ተገቢ መስሎ የታየውን ቅድመ ሁኔታ ማዘዝ ይችላል። ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሁለቱ በሮች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ እኛ ግን እናምታታቸዋለን። መጀመሪያው በር ያልተጠራ ሰው የሚገባበት ነው። ሁለተኛው ተጠርቶ መምጣት ያልቻለው የሚገባበት ነው። ያልተጠራው ምሕረት አይለምንም፤ የሚጠይቀው ዕዳውን ነው፤ ፍርድ ቤቱ ሳይሰማው እንዳይፈርድበት ዕዳ አለበትና። ተጠርቶ የቀረው ግን የሚጠይቀው ችሮታ ነው። ታሞ ሊሆን ይችላል፤ እናቱ ሞታ አገር ቤት ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ክረምት ድልድይ ወስዶበት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጸሐፊው ቀጠሮውን ለሐምሌ 6 ብሎ ነግሮት መዝገቡ ላይ ሐምሌ 5 ሆኖ ሊሆን ይችላል። እነዚህን «በቂ» ለማለት ጠቢብ መሆን አያስፈልግም። የሚያከራክረው «ጠበቃዬ ረሳ» የሚለው ነው። አንዳንዱ ዳኛ ጠበቃህን የመረጥከው አንተ ነህ፣ ረሳ ማለት አንተ ረሳህ ማለት ነው ይላል። ሐሳቡ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ሰው ጠበቃ የሚቀጥረው ሕግ አላውቅም ብሎ ነው፤ ጠበቃው ቀጠሮ መጠበቁን እየሄደ እንዲቆጣጠር የምንጠብቅበት ከሆነ ታዲያ ጠበቃው ምን ሊሠራለት ነው? እኔ ብሆን ይህን ባለ ጉዳይ እሰማዋለሁ፤ ኪሳራውን ግን ጠበቃው ከኪሱ እንዲከፍል ባደርግ ደስ ይለኛል።

እስካሁን ለሴትዮዋ የተከራከርኩ ይመስላል። አሁን ወደ ክራንቹ ዞር እንበል።

ሕጉ ለሰውየው ምን አለው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲከስ ያዛል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ ተነሥቶ፣ መራመድ ተለማምዶ፣ ሊብሬው በማን ስም እንዳለ አጣርቶ፣ ማመልከቻ አጽፎ፣ ምስክር ፈልጎ መገኘት አለበት። ዘገየ ቢባል በሩ ይዘጋበታል። ለሴትዮዋ ግን ወሩ መቆጠር የሚጀምረው ካወቀች ቀን ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ብታውቅ ከዚያ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ብታውቅ ከዚያ። ለእሱ ሰዓቱ የሚቆጥረው ከግንቡ ጥግ ነው፤ ለእሷ የሚቆጥረው ከጆሮዋ ነው። ሁለቱንም ሕግ ለየብቻ ስታያቸው ምክንያት አላቸው። ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ያናድዳሉ፤ ቢያንስ እኔን አናደውኛል።

ደግሞ ፍርድ ተነሳ ማለት ወረቀት ተቀደደ ማለት ብቻ አይደለም። ምስክሮቹ የቀን ሠራተኞች ናቸው። አንዱ ወደ ጅማ ቡና ለቀማ ሄዷል፤ አንዱ አረብ አገር ገብቷል፤ ሦስተኛው «እኔ አንዴ መሰከርኩ፣ የቀን ገቢዬን ማን ይከፍለኛል?» ይላል። የሐኪሙ ወረቀት አለ፤ ሐኪሙ ግን ተዛውሯል። ሰውየው በፍርዱ ተማምኖ ተበድሯል፤ ልጁን ትምህርት ቤት አስገብቷል፤ ቤት ኪራይ ላከራየው ሰው «ካሣዬ ሲወጣ» ብሎ ቃል ገብቷል። ፍርዱ ሲነሳ ይህ ሁሉ አብሮ ይነሳል። ከዚያም ሽማግሌዎች ይመጣሉ። «ልጄ፣ ነገሩ ሊረዝምብህ ነው፤ ይህን ያህል ተቀብለህ ብትታረቅ ምን አለ?» ይሉታል። መታረቅ መልካም ነው፤ እኛ አገር ከመታረቅ የበለጠ የተከበረ ነገር የለም። ግን የተራበ ሰው ሲታረቅና የጠገበ ሰው ሲታረቅ እርቁ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የሚታረቀው ከባላጋራው ጋር አይደለም፣ ከረሃቡ ጋር ነው። ብልጥ ተከሳሽ ይህን ያውቃል። ፍርድ ማስነሳት ለእንደዚህ ዓይነቱ መከራከሪያ አይደለም፤ ጊዜ መግዣ ነው።

ለዚህ ነው አንዳንድ ጓደኞቼ «ታዲያ ብትሰማስ ምን ልትል ነው?» የሚሉት። ጥያቄው ጠንካራ ነው። ሕጋችን በመኪና ለሚደርስ ጉዳት ባለቤቱን ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። ሴትዮዋ «እኔ ደብረ ብርሃን ነበርኩ» ብትል አይጠቅማትም። «ሾፌሩ ሰክሮ ነበር» ብትል አይጠቅማትም። ሊብሬው የእሷ ነው፤ አለቀ። (ሕጉ እንዲህ መጨከኑ አይገርመኝም። ሕዝቡ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ የጠራበት አገር ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ መሆኑ የብዙ ባለ መኪናዎችን ሸክም አቅልሏል፤ ነገር ግን ኢንሹራንሱ የሚከፍለው እስከ ተወሰነ መጠን ነው።) እንግዲህ መጨረሻው ያው ከሆነ ሰውየውን ሁለተኛ ማንከራተት ምን ይባላል?

የእንግሊዝ ሕግ ወደዚህ ሐሳብ ያደላል፤ መጥሪያ ደርሶት የቀረ ተከሳሽ ፍርዱ እንዲነሳለት ከፈለገ፣ በዋናው ጉዳይ ሊረታ የሚችልበት እውነተኛ ተስፋ እንዳለው ወይም ሌላ በቂ ምክንያት እንዳለ ማሳየት ይጠበቅበታል። አሜሪካኖች ግን በ1988 እ.ኤ.አ. የገጠማቸው አንድ የቴክሳስ ጉዳይ አለ። ሰውየው ለሠራተኛው የሐኪም ቤት ዕዳ ዋስ ሆነሃል ተብሎ 5,600 ዶላር ገደማ ተከሰሰ። በሌለበት ተፈረደበት፤ ርስቱም ተሸጠ። የቴክሳስ ፍርድ ቤቶች «ብትሰማም መከላከያ የለህም፣ ስለዚህ አናነሳም» አሉት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በሙሉ ድምፅ አፈረሰው። ነገሩ ይህ ነው፤ ሰውየው ተጠርቶ ቢሆን ኖሮ ክርክሩን ባይረታ እንኳ ሊታረቅ ይችል ነበር፤ ሊከፍል ይችል ነበር፤ ርስቱን ራሱ በደህና ዋጋ ሸጦ ዕዳውን ሊወጣ ይችል ነበር። ሳይጠራ ሲቀር የተነጠቀው መከራከሪያ ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ አውቆ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ነው።

ይህ ወደ አይሱዙዋ ይመልሰናል። ሴትዮዋ በኃላፊነቱ ላይ የምትለው የላትም እንበል። በካሣው ልክ ላይስ? ፍርድ ቤት ተከሳሽ ቀረ ብሎ ከሳሽ የጠየቀውን ዝም ብሎ አይሰጥም፤ ማስረጃ ይሰማል። ነገር ግን የሚሰማው ማንም ያልነካውን ማስረጃ ነው። ምስክሩ «በቀን ይህን ያህል ያገኝ ነበር» ይላል። «በክረምትስ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ሐኪሙ ዳግመኛ ቀዶ ጥገና ቢደረግለት ይሻለዋል አላለም ወይ?» የሚል የለም። በዚያ ላይ ካሣ ማስላት የወደፊት ነገር መገመት ነው፤ ይህ ሰው ሳይጎዳ ቢሆን ስንት ዓመት ይሸከም ነበር? የሰማይ ምሥጢር ነው። የኅሊና ጉዳቱን በተመለከተማ ያው የ1952ቱ ሕግ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል፤ ያኔ ብዙ ገንዘብ ነበር፤ አሁን ለክራንች መግዣ መብቃቱንም እጠራጠራለሁ። በዚህኛው ክፍል ሴትዮዋ የምትከራከርበት የላትም፣ ሰውየውም የሚያገኘው የለም። ጠቡ በሙሉ የሚወድቀው የማይታየውን ዓመት በመቁጠሩ ላይ ነው። በዚያ ቁጥር ላይ ደግሞ አንድ ጆሮ አይበቃም።

ስለዚህ እኔ ፍርዱ ይነሳ ባይ ነኝ። የማነሳው ግን ሴትዮዋ ትረታለች ብዬ አይደለም። አዳምም አልረታም።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳት ሐረግ ልመለስ። ዳኛው ሲያነሳ ስለ ኪሳራ፣ ገንዘብ ስለማስያዝ ወይም ስለ ሌላ ነገር ሊያዝ ይችላል ተብሏል። ብዙ ሰው ይህችን እንደ ጭራ ያያታል። እኔ ግን የነገሩ እምብርት እዚህ ነው እላለሁ። ምክንያቱም የዳኛው ርኅራኄ ወጪ አለው፤ ወጪውን የሚከፍለው ደግሞ ዳኛው አይደለም። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» እንዲሉ፣ ከሰውየው እግር ላይ ቆርሶ ለሴትዮዋ መራራት ቀላል ነው። ስትጠራ ያልሰማችው በእሷ ጥፋት አይደለም፤ በእሱም ጥፋት አይደለም፤ ታዲያ የመዘግየቱ ዕዳ ለምን በሙሉ በእሱ ላይ ይወድቃል? በመጀመሪያ፣ የተሰሙት ምስክሮች ቃል ይቆይ፤ እሷ መስቀለኛ ጥያቄ ልትጠይቃቸው የምትፈልጋቸው ብቻ ይጠሩ፣ ያልተገኙትም ቃላቸው አይጣል። ሁለተኛ፣ ቀጠሮው በወራት ሳይሆን በቀናት ይቆረጥ። ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። ማንም የማይከራከርበት የካሣው ክፍል፣ ይኸውም ሐኪም ቤት የከፈለው፣ ወዲያው ይከፈለው፤ የሚያከራክረው ይያዝ።

እዚህ ላይ ያ የሕግ ተማሪ ጓደኛችን ሁለተኛ ይዞኛል። «ሴትዮዋ ከአይሱዙዋ ሌላ ባይኖራትስ?» አለኝ። «ገንዘብ ካላስያዝሽ አትሰሚም ካልካት፣ መጀመሪያ ሳትጠራ ቀረች፤ አሁን ደግሞ ድሃ ስለሆነች ትቀራለች። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?» ረጅም ሰዓት ተከራከርን፤ ሁለት ሦስት ልጆችም ተጨመሩ። አንዱ «መኪናይቱ ራሷ ትያዝ» አለ። ሌላው «ከተያዘች ሥራ አትሠራም፤ ካልሠራች እሱም እሷም የሚካፈሉት የለም» አለ። ይህኛው የገበሬ ልጅ ነው፤ የተያዘ በሬ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። መኪናይቱ እንዳትሸጥ ትታገድ፤ ከመሥራት ግን አትከልከል። ከወር ገቢዋ ላይ የተወሰነው በየወሩ ፍርድ ቤት ገቢ ይሁን፤ ከዚያም ላይ ለሰውየው መኖሪያ በዳኛው ትእዛዝ ይወሰድለት፤ በመጨረሻው ፍርድ ይታሰብ። ሕጉ «ወይም ሌላ ነገር» ሲል ለዳኛው እንዲህ ያለውን እንዲያስብ ቦታ ትቶለታል ብዬ አምናለሁ። ድሮ የነጠላ ጫፍ ከሳሽና ተከሳሽን እስከ ፍርዱ ድረስ አንድ ላይ ያቆያቸው ነበር። ዛሬ የሚያቆያቸው ነገር ከተፈለገ ይህ የወር ሒሳብ ሊሆን ይችላል፤ ሴትዮዋም መኪናዋ በሠራች ቁጥር ግንቡ ሥር የቀረውን እግር ታስታውሳለች።

መጥሪያውን እያየ ቀዶ የጣለውንስ? ያ ሌላ ሰው ነው። ስሙ ተጠርቶ፣ በመስኮት አይቶ፣ «የለም በለው» ያስባለ ሰው ዕድሉን ያገኘው ያን ጊዜ ነበር፤ አልተጠቀመበትም። ለእሱ ዲስኩር የለኝም፤ በቅሎዋ በፍርድ ሄዳለች። ዳኛው ግን ይህኛው ሰው መሆኑን ለማወቅ አስቀድሞ ሊጠይቀው ይገባል፤ አድራሻው የት ነበር፣ ወረቀቱን የተቀበለው ማን ነው፣ ያን ቀን የት ዋልክ? ይህን ለመጠየቅ አንድ ጠዋት ይበቃል። ሰውየውም በዚያ ጠዋት ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ባላጋራው የሚመልሰውን ይሰማል።